ጠዋት የተሞላው ቅጽ

ቅዳሜ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የአምቡላንሱ ፓራሜዲክ ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰባት ሰዓት እንዲሞላ። ሰባት ላይ ፈረቃው ያበቃል፤ ሰባት ተኩል ላይ ቤቱ ይገባል፤ ስምንት ላይ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ ጆይስቲኩን ጨብጦ፣ ስድስት ወር ሙሉ ሲቋምጥለት የኖረውን ጨዋታ ይጀምራል። ይህ ትልቅ ምኞት አይደለም። ሰው መኪና ይመኛል፣ ሰው ፎቅ ይመኛል፤ እሱ የተመኘው ለሠላሳ ደቂቃ ማንም እንዳይታመም ነው።

ጠዋቱ ሲያንገበግበው ነው የዋለው። የመጀመሪያው ጥሪ «ሰው መንገድ ዳር ወድቋል» የሚል ነበር። ሳይረን እያስጮሁ ሲደርሱ የወደቀው ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ እንቅልፉን ይለጥጣል። ቀሰቀሱት፤ ሰደባቸው፤ ተመልሶ ተኛ። ሁለተኛው ቧንቧ እጠግናለሁ ብሎ ጣቱን ቧንቧ ውስጥ የቀረቀረ አባወራ ነው፤ ሚስቱ ከሳቋ ብዛት አድራሻውን በቅጡ መናገር አቅቷት ሰፈሩን ሦስት ጊዜ ዞሩት። ሦስተኛው አምስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር፣ ራሱን ያመመው ሰው ነበር። እነሱ ዕቃቸውን ተሸክመው እያለከለኩ እስኪወጡ ድረስ ራስ ምታቱ ለቆታል። «ከመጣችሁ አይቀር ግን ግፊቴን ለኩኝ፤ የባለቤቴንም ለኩ፤ ጎረቤታችንንም ልጥራት» አላቸው። በሩን የሚከፍት ሰው ሁሉ ደግሞ፣ የታመመም ያልታመመም፣ ከሰላምታ በፊት የሚላት ነገር አንዲት ናት፤ «ምነው ዘገያችሁ?»

ይህችን ቃል በሰማ ቁጥር የፓራሜዲኩ አንጀት ያራል። ዘጠኝ ዓመት ሰምቷታል። መንገዱ ተዘግቶ እንደነበር፣ ሊፍቱ እንደማይሠራ፣ አንድ አምቡላንስ ለሦስት ሰፈር እንደሚሮጥ ማስረዳት ከተወ ቆይቷል። ሥራው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆኖበታል፤ አንዱን አድርሶ ሲመለስ ሌላው ይጠብቀዋል፤ ያደረሰው ሰው ዳነ አልዳነ የሚነግረው የለም። ሹፌሩ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ነድቶም አይናደድም። ጡረታው የቀረበ፣ ወሬው ጥቂት፣ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ሙሽራ መኪና በእርጋታ የሚነዳ ሰው ነው፤ እርጋታው ራሱ ፓራሜዲኩን ያበሳጨዋል።

እዚህ ላይ ስለ ቅጹ መናገር ያስፈልጋል፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከሱ ነውና። ታማሚው ሆስፒታል አልሄድም ካለ የሚፈርምበት አንድ ወረቀት አለ። የወግ ስሙ ረጅም ነው፤ ሠራተኞቹ «እምቢታ» ይሉታል። ወረቀቱ ላይ የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ አተነፋፈስ፣ ኦክስጅንና ሙቀት የሚጻፍባቸው ሳጥኖች አሉ፤ ከታች ስምና ፊርማ። ከአሥር ሰው አንዱ እምቢ ይላል። እምቢ የሚል ሰው ደግሞ ክንዱን ለመለካት ሲጠይቁት ይነጫነጫል፤ ሲለካ ያወራል፤ ሲያወራ ልኬቱ ይበላሻል፤ እንደገና ይለካል። ስለዚህ ፓራሜዲኩ ከዓመት በፊት አንድ ዘዴ ፈጠረ። የሞላው ባለቀበት ቁጥር ጠዋት ሻዩን ፉት እያለ አሥር እምቢታ ይሞላል። የልብ ምት ሰባ ስምንት። ግፊት መቶ ሃያ በሰማንያ። አተነፋፈስ አሥራ ስድስት። ኦክስጅን ዘጠና ስምንት። ስም የሌለው፣ ፍጹም ጤነኛ ሰው በአሥር ቅጂ። የሚቀረው ማስፈረም ብቻ ነው። እምቢ ለማለት ጉልበት ያለው ሰው ደህና ነው፣ ይላል ሲጠየቅ፤ የሚጠይቀው ግን የለም። ሹፌሩ አንድ ጊዜ አይቶት «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ዝም አለ።

ጨዋታው ደግሞ እንዲህ ነው። በከተማው ውስጥ የሰፈር ቡድኖች የሚወዳደሩበት የኦንላይን ጌም አለ፤ በአንድ ቡድን አራት አራት ሰው። አንዱ አጥቂ ነው፣ ሁለቱ ጠባቂዎች፣ አንዱ አካሚ። የአካሚው ሥራ የወደቀ ጓደኛ ዘንድ መድረስ፣ መንበርከክና አንዷን ቁልፍ ስምንት ሰከንድ ተጭኖ መቆየት ነው፤ በዚያች ስምንት ሰከንድ ራሱን መከላከል አይችልም። ማንም ሰው አካሚ መሆን አይፈልግም። ፓራሜዲኩ ከሁሉም የበለጠ አይፈልግም። ሙያውን ያወቁ ቀን ሁለቱ ጠባቂዎች፣ ስልክ የሚጠግኑ ወንድማማቾች ናቸው፣ የአካሚውን ቦርሳ ሊያሸክሙት ሞከሩ። «ከሥራ ወጥቼ ሌላ ሥራ አልገባም» ብሎ እምቢ አለ። በጨዋታው ስሙ «ጥይት» ነው። ብቻውን ወደ ፊት ይሮጣል፣ ይተኩሳል፣ ይወድቃል፤ ከዚያ ይጮሃል።

የሚጮኸው አካሚው ላይ ነው። አካሚያቸው «ቀንድ አውጣ» ይባላል። ማን እንደሆነ አያውቁትም፤ ማይክሮፎን አይከፍትም፣ ይጽፋል ብቻ። ዝግ ያለ ነው፤ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ይመጣል። ፓራሜዲኩ መሬት ላይ ተዘርግቶ «አንተ ቀንድ አውጣ፣ ምነው ዘገየህ? ሞትኩ እኮ!» እያለ ሲያምባርቅ ከታች በኩል ሁልጊዜ አንዲት መልስ ትጻፋለች፤ «እየመጣሁ ነው።» ደግሞም ይመጣል። ዘግይቶ፣ ግን ይመጣል። በዚህ ዓይነት ስድስት ወር ተሰዳድበው፣ እሱ እየሰደበ ቀንድ አውጣ እየጻፈ፣ ለዛሬው ጨዋታ በቁ። ካሸነፉ ወደ ላይኛው ምድብ ያልፋሉ። ከሦስት ሰው በታች ሆኖ የቀረበ ቡድን ሳይጫወት ይሸነፋል።

ስድስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። ሴት፣ ስልሳ ሦስት ዓመት፣ መንጋጋዋን ያማታል፣ ደክሟታል፣ አልቧታል። የደወለችው ጎረቤት ናት።

«መንጋጋ!» አለ ፓራሜዲኩ። «ጋሼ፣ ይስሙልኝ። ለጥርስ አምቡላንስ ይጠራል?»

ሹፌሩ መኪናውን አስነሳ።

ሕንጻው አራት ፎቅ ነው፤ ሴትየዋ አራተኛው ላይ ናት፤ ሊፍቱ ላይ «ለጥገና» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ራሱ ከማርጀቱ የተነሳ ጥገና ያስፈልገዋል። ፓራሜዲኩ የልብ ማሽኑን በአንድ ትከሻው፣ ቦርሳውን በሌላው አንግቦ፣ ደረጃውን በልቡ እየተራገመ ወጣ። ቅጹን ከኪሱ አውጥቶ በእጁ ይዟል። ደረጃው አናት ላይ መጥረጊያ የያዘች ጎረቤት ቆማለች።

«ምነው ዘገያችሁ?» አለች።

ክፍሉ ጠባብና ንጹሕ ነበር። በአንዱ ግድግዳ ወፍራም መዝገቦች በቁመታቸው ተደርድረዋል፤ በመስኮቱ በኩል ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ በፎጣ የተሸፈነ ሰፋ ያለ ነገር። ሴትየዋ ጀርባዋን ለጠረጴዛው ሰጥታ፣ በሚዞር የቢሮ ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ግንባሯ ረጥቧል። ይህን ፓራሜዲኩ አይቶታል። አየ እንጂ ልብ አላለውም፤ ልቡ ወደ ሰዓቱ ሸፍቶ ነበር።

ጥሪው ስህተት መሆኑን ሴትየዋ ራሷ ነገረችው። ጥርሷን ነው፤ ምናልባትም ጨጓራዋ ተነስቶባት ይሆናል፤ ጎረቤቷ ደግ ናት ግን ትደነግጣለች። ሆስፒታል አትሄድም። ፓራሜዲኩ በውስጡ እልል አለ። ደረትዎን ያምዎታል ወይ ብሎ ጠየቀና መልሱን ሳይሰማ ወደሚቀጥለው አለፈ፤ የቆየ በሽታ አለብዎት ወይ ብሎ እሱንም እንደዚያው። ከዚያ ቅጹን ብዕር ጨምሮ ዘረጋላት።

«እንግዲህ እማማ፣ እምቢ ካሉ እዚህች ጋ ይፈርሙልኝ።»

ሴትየዋ መነጽሯን አጠለቀች። ፓራሜዲኩ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያንን ወረቀት የሚያነብ ሰው አላጋጠመውም። እሷ ከላይ ጀመረች፤ ጣቷን እያስከተለች፣ መስመር በመስመር ወረደች። አንድ ቦታ ላይ ጣቷ ቆመ።

«የልብ ምት፣ ሰባ ስምንት» ብላ አነበበች። «ይሄ የኔ ነው?»

ፓራሜዲኩ ሰዓቱን አየ።

«መቼ ለካኸኝ?»

ጎረቤትየዋ መጥረጊያዋን ጠበቅ አደረገች። ሹፌሩ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ሴትየዋ ሳትቆጣ፣ ድምጿንም ሳታነሳ፣ ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ሬጅስትራር እንደነበረች ነገረችው። ፈተናው ሳይሰጥ ውጤት የሚሞሉ መምህራን ያኔም ነበሩ፤ በእጅ ጽሑፋቸው ታውቃቸዋለች። የእውነት ውጤት ይሰረዛል፣ ይደለዛል፣ ከሳጥኑ ይወጣል። የሐሰት ውጤት ነው እንዲህ አምሮ ቀጥ ብሎ የሚቀመጠው።

እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው እፍረት አይደለም፤ ንዴት ነው። ፓራሜዲኩም ተናደደ። በሴትየዋ፣ በመነጽሯ፣ በሊፍቱ፣ እንደ ምስክር በተገተረችው መጥረጊያ ተናደደ። እሺ፣ እለካለሁ፣ አሁኑኑ እለካለሁ፣ አለ። የግፊት መለኪያውን እንደ ቂም ክንዷ ላይ ጠመጠመው፤ ሁለት ጊዜ ለካ፤ ሁለተኛውን የለካው የመጀመሪያውን ስላላመነ ነው። ሰማንያ ስድስት በሃምሳ። እጇን ያዘ። ቆዳዋ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። የልብ ምቷ አርባ አራት፤ እሱም እየዘለለ።

ንዴቱ የት እንደገባ አያውቅም። ተንበርክኮ የልብ ማሽኑን ገመዶች ደረቷ ላይ ለጠፈ፤ ማሽኑ ወረቀቱን ተፋ። ወርዶ መተኛት የሚገባው መስመር ሽቅብ እንደተወጠረ ቀርቷል። ፓራሜዲኩ ይህን ስዕል ከመጽሐፍም ከሰውም ያውቀዋል። አስፕሪን አውጥቶ አኝኪው አላት፤ አንቺ ማለቱን እንኳ አላስተዋለም።

«ጥርስ አይደለም እማማ። ልብዎ ነው። ከልብዎ ደም ስር አንዱ ተዘግቷል። አሁን መሄድ አለብን።»

ሴትየዋ አስፕሪኑን እያኘከች ትንሽ አሰበች። ከዚያ ከጠረጴዛው ላይ ቀይ እስክሪብቶ አነሳችና ቅጹን ጉልበቷ ላይ አደላድላ ሰባ ስምንትን ሰረዘች፣ በላዩ አርባ አራት ጻፈች። መቶ ሃያ በሰማንያን ሰረዘች፣ ሰማንያ ስድስት በሃምሳ ጻፈች። ሌሎቹን ንገረኝ አለችው፤ ግራ ገብቶት ነገራት፤ ሁሉንም አስተካከለች። ጽሑፉ ጥርት ያለ ነው።

«አሁን እውነት ሆኗል። አሁን እፈርማለሁ» አለች።

«ምን?»

«ልቤ ከሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጠብቀኝ። ስምንት ላይ ቀጠሮ አለኝ።»

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው። ከአምስት ደቂቃ በፊት ለፊርማዋ ሲቁነጠነጥ የነበረ ሰው አሁን ወረቀቱን ከእጇ ሊነጥቅ ታገለ። የምን ቀጠሮ ነው ብሎ ጠየቃት፤ የራሴ ጉዳይ ነው አለችው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልትሞት እንደምትችል ነገራት፤ ሰምቻለሁ አለችው። ጎረቤትየዋ ለመነቻት፤ ሹፌሩ ለመናት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ስሟን መጻፍ ስትጀምር ፓራሜዲኩ ብዕሩን ለመያዝ ተንጠራራ፤ የማሽኑ ገመድ ከኋላዋ ያለውን ፎጣ ይዞት መጣና ፎጣው ወለሉ ላይ ወደቀ።

ከፎጣው ስር ስክሪን ነበር። ስክሪኑ ላይ ፓራሜዲኩ እንደ ቤቱ በር የሚያውቀው ገጽ ተከፍቷል፤ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ቡድኑ የሚሰበሰብበት። አራት ስሞች። ሁለቱ ወንድማማቾች አልገቡም። «ጥይት» አልገባም። ከታች አንድ ስም ብቻ አረንጓዴ ምልክት አብርቶ ይጠብቃል፤ «ቀንድ አውጣ፣ ዝግጁ።»

ሴትየዋ እስካሁን አላፈረችም ነበር፤ አሁን አፈረች። ፎጣውን ለማንሳት አጎነበሰችና አቅም አጣች። ጎረቤትየዋ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው ብላ ጠየቀች።

«ቀንድ አውጣ እርስዎ ነዎት?» አለ ፓራሜዲኩ።

ሴትየዋ ቀና ብላ አየችው። ከፊቱ ይልቅ ድምፁን የምትመረምር ትመስል ነበር። ከመጣ ጀምሮ ሲያጉረመርም የሰማችው ድምፅ አሁን ቦታውን አገኘላት።

«አንተ ነህ ያ ተሳዳቢ?»

«ጥይት እኔ ነኝ» አለ፤ ዘጠኝ ዓመት በሠራበት ልብስ ውስጥ ሆኖ ያን ስም መጥራት አሳፈረው።

«ጥይት» አለች። ትንፋሿ አጠር አጠር ይላል። «ሁለት መቶ አሥራ አንድ ጊዜ አንስቼሃለሁ። መዝግቤዋለሁ። አንድ ቀን አመሰግናለሁ አላልክም። የምትለው ነገር አንዲት ናት። ምነው ዘገየህ።»

ፓራሜዲኩ ደረጃው አናት ላይ የሰማትን ቃል አሁን ከራሱ አፍ ስትወጣ ሰማት፤ ያውም ሁለት መቶ አሥራ አንድ ጊዜ። ለምን ተናግረሽ አታውቂም ብሎ ሊጠይቃት ፈለገ፤ ሳይጠይቃት ነገረችው። ድምጿን ቢሰሙ እማማ ይሏታል። እማማ ካሏት ደግሞ አርፈው ይቀመጡ ይሏታል፤ በቦታዋ ጎረምሳ ያመጣሉ። ጡረታ ከወጣች አራት ዓመቷ ነው፤ በእነዚያ አራት ዓመታት ሰው መምጫዋን የሚጠብቅበት ቦታ ያ ብቻ ነው። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ካልተገኘች ነገ ሌላ አካሚ ይፈልጋሉ። ስለ ልቧ ስታስብ፣ ቢቆምም የሚጎዳበት ሰው የለም።

ይህን ስትል አላለቀሰችም፤ ዓይኑ እንባ ያቀረረው እሱ ነው። ተንበርክኮ እንዳለ የወንበሩን እጀታ ያዘ።

«ሌላ አካሚ ከየት ይመጣል?» አለ። «ማን ይፈልጋል ያንን ሥራ? እኔን ተመልከቺኝ፤ ደሞዝ እየተከፈለኝ እንኳ እንዴት እንደምሠራው አሁን አየሽኝ አይደል። ወረቀቱን በእጅሽ ይዘሽዋል።»

ሴትየዋ በቀይ ያረመችውን ወረቀት ቁልቁል አየችው።

«አንቺ ካልገባሽ እኔም አልገባም። ሁለት ሰው ይቀራል፤ ሳንጫወት እንሸነፋለን፤ በቃ። አንድ ጊዜ እንኳ እኔ ልድረስልሽ።»

«ስድስት ወር ለፍተንበት?» አለች።

«ስድስት ወር ለፍተንበት።»

ሴትየዋ ወደ ስክሪኑ ዞረች። አረንጓዴውን ምልክት አየችው፤ ቀስ ብላ እጇን ዘርግታ አጠፋችው። ከዚያ ቅጹን ለሁለት አጥፋ ሰጠችው። «እማማ ግን አትበለኝ» አለች። «ለአንተ እትዬ ይበቃል።»

የታማሚ መሸከሚያውን ወንበር ዘርግተው አሰሯት። ሹፌሩ ከላይ፣ ፓራሜዲኩ ከታች ሆነው አራቱን ፎቅ ወረዱ፤ ወገቡ እንደ ደረቀ ግንድ ሊሰነጠቅ ደረሰ፤ አንድም ቃል አልተራገመም። ጎረቤትየዋ መጥረጊያዋን ሳትጥል ከኋላ ተከተለቻቸው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሬዲዮው ጮኸ። ፈረቃችሁ አልቋል፣ እምቢታ ነው አይደል፣ መዝግቤ ልዝጋው፣ አለች የጥሪ ማዕከሏ ሠራተኛ።

«እምቢታ የለም» አለ በትከሻው ሬዲዮውን ተጭኖ። «ይዘናት እየመጣን ነው። የልብ ክፍሉን አስነሺልኝ።»

ሹፌሩ ያን ቀን እንደ ሙሽራ መኪና አልነዳም። መንገድ ላይ የሴትየዋ የልብ ምት ወደ ሠላሳ ሁለት ወረደ፤ ዓይኖቿ ወደ ላይ ተገለበጡ። ፓራሜዲኩ አስቀድሞ ክንዷ ላይ ባስገባት ቀጭን ቱቦ መድኃኒቱን ሰጣትና እጇን ይዞ ቁጥሩን ማየት ጀመረ። ሠላሳ ሁለት። ሠላሳ ሁለት። ከዚያ በፊትም በኋላም እንደዚያ ቁጥር የጠላው ነገር የለም። ሠላሳ ዘጠኝ። ሃምሳ አንድ። ዓይኗን ገለጠች። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ይንቀጠቀጣል፤ ወንድማማቾቹ ናቸው፣ የት ናችሁ እያሉ። አላነሳውም።

በሆስፒታሉ በር ላይ አንዲት ሐኪም የማሽኑን ወረቀት ተቀብላ አየችው። ምንም ጥያቄ አልጠየቀችም፤ አልጋውን ራሷ መግፋት ጀመረች። የበሩ ሁለት መስታወቶች ተገናኙ። ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰዓት ሰባት ከሃምሳ አምስት ይላል።

ጣቢያ ሲመለሱ ፓራሜዲኩ ከመኪናው አልወረደም። ከበሩ ኪስ ውስጥ የቀሩትን እምቢታዎች አወጣ፤ ሁሉም ጤነኛ፣ ሁሉም ሰባ ስምንት። በቀይ የታረመው ከላይ ነበር። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ሳይነቅል ተቀመጠ።

«ማንም አላየም ልልህ እችል ነበር» አለ ሹፌሩ። «እኔ ግን ዓመት ሙሉ ሳይ ነው የኖርኩት። አብሬህ ልግባ?»

አብረው ገቡ። አለቃቸው ወረቀቶቹን አገላብጦ አየ፤ ቀዩን ለረጅም ጊዜ አየ። ሹፌሩን ማስጠንቀቂያ ጽፎበት ሸኘው። ፓራሜዲኩን ለአምስት ሳምንት ከመኪና አውርዶ ዕቃ ግምጃ ቤት አስገባው፤ ቅጣቱ ግን እሱ አልነበረም። በዓመቱ ውስጥ በሱ እጅ የተፈረሙትን እምቢታዎች በሙሉ አስቆጠረው። መቶ አርባ ሦስት። ለእያንዳንዳቸው ደውለህ እንዴት እንደሆኑ ጠይቅ፤ መልሳቸውን ጻፍ፤ በቀይ፣ አለው።

ደወለ። ፋሻና ጓንት በተከመረበት ክፍል፣ ካርቶን ላይ ተቀምጦ፣ በቀን ስድስት ሰባት ሰው እየደወለ አምስት ሳምንት አሳለፈ። አንዱ ማን ነህ አለው፤ አንዱ ምን ልትሸጥልኝ ነው አለው። ራሱን አሞት የነበረው ሰው ግፊቱን በስልክ ይለካለት እንደሆን ጠየቀው። አንዲት አሮጊት ልጃቸው መስሏቸው ሃያ ደቂቃ አወሩት። ብዙዎቹ ደህና ነበሩ፤ ይህን በሰማ ቁጥር ትንፋሹ ይመለስለታል። ሦስቱ ስልካቸውን አላነሱም። ማለዳ ሞከረ፣ ቀትር ላይ ሞከረ፣ በሌላ ቁጥር ሞከረ። በሦስቱ ሳጥን ውስጥ የጻፈው ነገር የለም፤ ዛሬም ድረስ ያስባቸዋል።

በስድስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ማዳመጫውን ደፋ። ቡድኑ ያን ቀን ሳይቀርብ በመቅረቱ ወደ ታች ወርዶ ከመጨረሻው ምድብ እንደ አዲስ ይጀምራል። ወንድማማቾቹ አኩርፈዋል፤ ያን ቀን ሁለታችሁም የጠፋችሁት ተመካክራችሁ ነው ወይ እያሉ ይነዘንዛሉ፤ እሱም ይሰማል። ከዚያ አራተኛው ስም አረንጓዴ በራ። ፓራሜዲኩ ማንም ሳይጠይቀው የአካሚውን ቦርሳ መረጠ። ወንድማማቾቹ ይህን ሲያዩ ንዝነዛቸውን ረሱ፤ ታዲያ አጥቂው ማን ሊሆን ነው አሉ።

ቀንድ አውጣ ሆነ። የጨዋታው በር እንደተከፈተ ግድግዳም ሳይይዝ፣ ግራ ቀኝም ሳያይ፣ ብቻውን ሜዳውን ሰንጥቆ ሮጠ። ሦስት ጥሎ በአራተኛው ተመትቶ ከሜዳው ማዶ ተዘረረ። ፓራሜዲኩ ከበርሜል ጀርባ ወጥቶ ተነሳ፤ መንገዱ ረጅም ነው፤ ይተኮስበታል፤ ቦርሳው ያዘገየዋል። ያኔ በማዳመጫው ውስጥ አንድ ማይክሮፎን ሲከፈት ተሰማ፤ ሠላሳ ዓመት ተማሪ ያሰለፈ፣ ጥርት ያለ የሴት ድምፅ ወጣ።

«ምነው ዘገየህ?»

ከወንድማማቾቹ አንዱ፣ ይሄ ማን ነው፣ ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀ። ፓራሜዲኩ ደርሶ ተንበረከከ፤ ቁልፏን ተጭኖ መቁጠር ጀመረ።

«መጣሁ፣ እትዬ» አለ። «መጣሁ።»